ሯጭ ልጃችሁን ትልቅ ኮሌጅ ለማስገባት፦ «አሰልጣኙ ጻፈልን» ከማለት እስከ እውነተኛው ደብዳቤ

የእህቴ ልጅ እዚህ አሜሪካ የሃይስኩል ሯጭ ነበር። 11ኛ ክፍል እያለ ከአንድ ስመ ጥር ኮሌጅ አሰልጣኝ ኢሜይል መጣለት። «ውጤትህን እየተከታተልን ነው» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ። ከዚያ ስልክ ተደወለ። እህቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። ቤተ ክርስቲያን ላይ ወሬውን ያልሰማ አልነበረም። ልጁ ሌላ ቦታ ልቡን ሳይጥል፣ ቀነ ገደቡን ጠብቆ አመለከተ። ዲሴምበር ላይ መልሱ መጣ። አልተቀበሉትም።

ኢሜይሎቹን አንድ በአንድ ያነበብኳቸው የዚያን ዕለት ማታ ነው። አሰልጣኙ አልዋሸም። «እንወስድሃለን» ያለበት አንድም መስመር የለም። ሌላም የጎደለ ነገር ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ትራንስክሪፕትህን ላክልኝ» ብሎት አያውቅም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከቤተሰቡ ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ተማርኩት። የብዙ ወዳጆቼን ልጆችም በዚሁ መንገድ አብሬ ሄጃለሁ። የምጽፈው በሩጫ፣ ማለትም በትራክና በክሮስ ካንትሪ ላይ ተመሥርቼ ነው፤ የእኛ ልጆች በብዛት ያሉት እዚያ ስለሆነ። ኳስ፣ ዋናም ሆነ ቴኒስ ለሚጫወት ልጅ ግን አካሄዱ ያው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ቁጥሩን በትክክል አንብቡት

በሃርቫርድ ላይ ቀርቦ በነበረው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 በወሰነበት የአድሚሽን (የተማሪ ቅበላ) ክስ ብዙ የውስጥ መረጃ ይፋ ወጥቷል። አሰልጣኝ መልምሏቸው ካመለከቱ ልጆች ከ100 ወደ 86 የሚሆኑት ገብተዋል። በዚያው ዘመን አትሌት ያልሆነ፣ የቀድሞ ተመራቂ፣ የለጋሽ ወይም የመምህር ልጅም ያልሆነ አመልካች ግን የገባው ከ100 ስድስት እንኳ አይሞላም።

ይህን የሰማ ወላጅ «እንግዲያው ልጄ ይሩጥ» ይላል። ቆይ! እነዚያ 86 ልጆች ሮጠው ያመለከቱ ልጆች አይደሉም። ከማመልከታቸው በፊት አሰልጣኙ መርጧቸዋል። አድሚሽን ቢሮውም ወረቀታቸውን አይቶ «ይሄ ልጅ ያስኬዳል» ብሏል። ያላስኬዱት ልጆች ቀድመው ተነግሯቸው ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ስለዚህ ወንፊቱ ያለው ከማመልከቻው በፊት ነው። 86 የሚለው ቁጥር ከወንፊቱ ያለፉት ብቻ ነው። በአሰልጣኙ ዝርዝር ውስጥ ላልገባ ልጅ ያ ቁጥር ምንም አይነግረውም። ሩጫው በማመልከቻው ላይ እንደ አንድ ጥሩ ተሳትፎ ይታይለታል፤ ከዚያ ያለፈ አይደለም።

እዚህ ላይ የማደክማችሁ ቀሪው ሥራ በሙሉ ልጁ በዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ወይም አለመግባቱን በጊዜ ለማወቅ ስለሆነ ነው።

2. የትምህርት ቤቶቹን ዓይነት ለዩ

ሁሉም «ትልቅ ኮሌጅ» በአንድ ሕግ አይሠራም።

አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንት ናቸው፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኮሎምቢያ፣ ብራውን፣ ኮርኔል፣ ዳርትመዝና ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፔንስልቬኒያ። ውድድራቸው ዲቪዥን አንድ፣ ማለትም የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ ነው። የስፖርት ስኮላርሺፕ ግን አይሰጡም፤ በ1954 የተፈራረሙት ስምምነት ነው። የሚሰጡት እርዳታ የቤተሰብን ገቢ አይቶ ብቻ ነው። ይህ ለብዙዎቻችን ከስኮላርሺፕ ይሻላል። ልጁ ጉልበቱን ቢጎዳ ወይም ቡድኑን ቢተው እርዳታው አይነካም።

ስታንፎርድ፣ ዱክ፣ ኖርዝዌስተርን፣ ቫንደርቢልት፣ ራይስና ኖተርዳም ደግሞ ዲቪዥን አንድ ሆነው የስፖርት ስኮላርሺፕም ይሰጣሉ። ያሬድ ንጉሴን አስቡት። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ያደገ ልጅ ነው። ኖተርዳም ገብቶ ባዮኬሚስትሪ ተማረ፤ በ2019 በ1,500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በፓሪስ ኦሎምፒክ በዚያው ርቀት ነሐስ ወሰደ። እሱ የደረሰበት የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ግን ጠንካራ ትምህርትና ሩጫ አብረው እንደሚሄዱ ለልጃችሁ ለማሳየት ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሦስተኛው ቡድን ወላጆቻችን ከነጭራሹ የማያውቁት ነው። ኔስካክ የሚባሉ 11 ትንንሽ ኮሌጆች አሉ፦ ዊልያምስ፣ አምኸርስት፣ ሚድልበሪ፣ ቦውዶን፣ ተፍትስ፣ ዌስሊያን፣ ሃሚልተን፣ ኮልቢ፣ ቤትስ፣ ትሪኒቲና ኮነቲከት ኮሌጅ። ዲቪዥን ሦስት ናቸው። ስማቸው አዲስ አበባ ላይ አይታወቅ ይሆናል። ዊልያምስና አምኸርስት ግን መግባቱ ከሚከብዱት መካከል ናቸው። እዚያ የአሰልጣኝ ድጋፍ ትልቅ ክብደት አለው፤ የሚጠየቀው የሩጫ ሰዓትም ከአይቪ ይቀላል። «ዲቪዥን ሦስት» ሲባል ፊታችሁን አታጥቁሩ። ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት ብቻ እድላቸው አልፏቸዋል። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ኤምአይቲም ዲቪዥን ሦስት ነው። የወንዶች ቡድኑ በ2022 የዲቪዥን ሦስት ክሮስ ካንትሪ ሻምፒዮን ነበር። አሰልጣኙ ለልጁ ይመሰክርለታል፤ ግን ለአሰልጣኝ የተያዘ ወንበር የለም። ውሳኔው የአድሚሽን ቢሮው ብቻ ነው።

3. ሰዓቱን ያለ ርህራሄ መዝኑት

«ልጄ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ነው» መለኪያ አይሆንም። አሰልጣኙ የሚያየው ሰዓት ነው።

እንዲህ አድርጉ። ቲኤፍአርአርኤስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የየኮሌጁ ሯጮች ውጤት በሙሉ አለ። የምትፈልጉትን ኮሌጅ ክፈቱ። አንደኛ ዓመት ተማሪዎቹን ብቻ ለዩ። ከዚያ እነዚያ ልጆች ሃይስኩል እያሉ ስንት ይሮጡ እንደነበር አትሌቲክ ዶት ኔት ወይም ማይልስፕሊት ላይ ፈልጉ። አሰልጣኙ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚወስድ ከዚህ የበለጠ የሚነግራችሁ የለም። በተጨማሪ አይቪዎቹ እርስ በርስ የሚወዳደሩበትን ሄፕስ የሚባለውን ሻምፒዮና ውጤት ተመልከቱ። ነጥብ ለማግኘት ስንት መሮጥ ያስፈልግ ነበር? የልጃችሁ ሰዓት ከዚያ ምን ያህል ይርቃል?

አንድ ምሽት ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ በወረቀት ላይ አስፍሩት። ሦስት ዝርዝር ይወጣዋል፦ ሰዓቱ የሚበቃበት፣ በአንድ ጥሩ የውድድር ዘመን ሊደርስበት የሚችል፣ በሩጫው ሳይሆን በትምህርቱ ብቻ የሚሞክርበት።

ሰዓት ብቻም አይደለም። አሰልጣኞች የለውጡን ፍጥነት በጣም ያያሉ። በ3,200 ሜትር ከ9:48 ወደ 9:21 በአንድ ዓመት የወረደ ልጅ፣ ሁለት ዓመት 9:18 ላይ ከቆመ ልጅ ሊበልጥባቸው ይችላል። ሳምንታዊ ኪሎ ሜትሩ ዝቅተኛ ሆኖ በደንብ የሚሮጥ ልጅ ደግሞ ገና የሚያድግ ነው ብለው ያስባሉ። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ዘግይተው ነው የሚጀምሩት፤ ይህን መናገር ይጠቅማል።

4. ማርኩን እንደ ሰዓት ያዙት

አይቪዎቹ አካዳሚክ ኢንዴክስ የሚባል ስሌት አላቸው። የልጁን ማርክና የፈተና ውጤት አንድ ላይ አድርጎ ቁጥር ያወጣል። የአትሌቶቹ አማካይ ከጠቅላላው ተማሪ አማካይ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይወርድ ስምምነት አለ።

ይህ ለእኛ ልጆች ምን ማለት ነው? አሰልጣኙ አንድ በጣም ፈጣን፣ ማርኩ ግን ደከም ያለ ልጅ ለመውሰድ ከፈለገ፣ አማካዩን ከፍ የሚያደርግለት ሌላ ልጅ ያስፈልገዋል። በሒሳብና በሳይንስ ጎበዝ የሆነ፣ ሰዓቱ ደግሞ ከቡድኑ ጋር የሚቀራረብ ልጅ ለአሰልጣኙ ሸክም ያቀልለታል። ስለዚህ በሩጫ ሁለት ሰከንድ ከማሳጠር፣ ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና 80 ነጥብ መጨመር በሩን ቶሎ ሊከፍት ይችላል። ለልጁ ይህን ንገሩት፤ ሯጭ ልጆች በውድድር ቋንቋ ሲነገራቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ፈተናውን በ11ኛ ክፍል አጋማሽ እንዲወስድ አድርጉ፤ ቢያስፈልግ ለመድገም ጊዜ ይኖረዋል። «ፈተና ቀርቷል» የሚለው ወሬም አያዘናጋችሁ። ኤምአይቲ በ2022 መልሶታል። ዳርትመዝ፣ ዬል፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 መልሰውታል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ፈተና በማይጠይቅ ትምህርት ቤት እንኳ አሰልጣኙ ውጤቱን ሊፈልገው ይችላል።

ቀለል ያለ ጂም ነገር ወስዶ ኤ ከማግኘት፣ ከባዱን ኮርስ ወስዶ መታገል ይሻላል። ዲቪዥን አንድ ለመወዳደር ደግሞ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ይጠይቃል። የሃይስኩሉ አማካሪ (ካውንስለሩ) ሁሌም አያስታውስላችሁም። በ9ኛ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ።

ልጁ ከኢትዮጵያ በቅርብ የመጣ ከሆነ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። እዚህ ሲደርሱ ብዙ ልጆች «እንግሊዝኛው ይጠንክርልህ» ተብለው ወደ 9ኛ ክፍል ይመለሳሉ። ኤንሲኤኤ ግን እነዚያ ኮርሶች የሚጠናቀቁበትን ጊዜ የሚቆጥረው ልጁ 9ኛ ክፍልን መጀመሪያ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ነው፤ አገር ቤት ቢሆንም። ክፍል ከመድገሙ በፊት ይህን አውቃችሁ ወስኑ።

5. ልጁ ራሱ ይጻፍ

እናትና አባት ኢሜይሉን አይጽፉም። ስልኩንም አያነሡም። አሰልጣኙ አራት ዓመት አብሮት የሚኖረውን ልጅ ማወቅ ይፈልጋል።

ለአብዛኛው የዲቪዥን አንድ ስፖርት፣ ሩጫን ጨምሮ፣ አሰልጣኝ ለልጁ በግል መጻፍና መደወል የሚችለው 10ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ልጁ ግን ከዚያ በፊትም መጻፍ ይችላል። መልስ ካላገኘ አልፈለጉትም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሕጉ ስለማይፈቅድ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በቡድኑ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የአዲስ ሯጮች መጠይቅ ይሙላ። ከዚያ አጭር ኢሜይል ይላክ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይዘቱ እንዲህ ያለ ይሁን፦

«ኮች፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በ3,200 ሜትር 9:21፣ በ1,600 ሜትር 4:19 ሮጫለሁ። ዓምና በ3,200 ሜትር 9:48 ነበርኩ። በሳምንት የምሮጠው 35 ማይል ነው። ማርኬ 3.9 ነው፤ ኤስኤቲ በማርች እፈተናለሁ። ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ። የእናንተን ቡድን የፈለግሁት ከሯጮቻችሁ ብዙዎቹ ኢንጂነሪንግ እየተማሩ ስለሚሮጡ ነው። ቀጣይ ውድድሬ ኤፕሪል 12 ነው፤ ውጤቱን እልክልዎታለሁ።»

ይበቃል። የውጤቱ ማገናኛና የሃይስኩል አሰልጣኙ ስልክ ከሥር ይግባ። ርዕሱ ላይ ስሙ፣ የሚመረቅበት ዓመትና ምርጥ ሰዓቱ ይቀመጥ። ከ20 እስከ 30 ለሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ይላክ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሁለት መስመር እየተቀየረ። ከጥሩ ውድድር በኋላ ደግሞ ሦስት መስመር አዲስ ዜና።

እዚህ ላይ ስለ አስተዳደጋችን አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ፊት አንገታቸውን እንዲደፉ፣ ራሳቸውን እንዳያወድሱ አድርገን ነው ያሳደግናቸው። እኔ ይህን አስተዳደግ እወደዋለሁ። አሰልጣኙ ግን ዝምታውን «ፍላጎት የለውም» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ሰዓቱን መናገር ጉራ አይደለም፤ መረጃ ነው። ዓይን ዓይኑን እያየ መነጋገርም ድፍረት አይደለም። ይህን በግልጽ ንገሩት። ሳሎን ውስጥ እናንተ አሰልጣኝ ሆናችሁ አለማምዱት። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ በስልክ ከ«ዬስ ኮች» ሌላ ቃል አይወጣውም ነበር።

6. ፍላጎትንና ቃል ኪዳንን ለዩ

እኛ የተሰናከልነው እዚህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ምንም ማለት ያልሆኑ ነገሮች አሉ። የካምፕ ግብዣ አብዛኛውን ጊዜ ለብዙ መቶ ልጆች የሚላክና የሚከፈልበት ነው። «መጠይቃችንን ሙላ» የሚል ኢሜይል እንዲሁ። ኢንስታግራም ላይ መከተልም እንዲሁ። «ጥሩ ሮጠሃል፣ በርታ» የሚል መልእክት ደስ ይላል፤ ግን ደስታ ብቻ ነው።

ትንሽ የሚመዝን ነገር፦ አሰልጣኙ ራሱ ይደውላል፤ ደጋግሞም ይደውላል። ስለ ቤተሰቡ ይጠይቃል። የሃይስኩል አሰልጣኙን ያነጋግራል። ወደ ግቢው በራሳቸው ወጪ ይጋብዘዋል። ይህ ኦፊሺያል ቪዚት ይባላል፤ ትኬቱንና ማደሪያውን ትምህርት ቤቱ ነው የሚችለው። በብዙ የዲቪዥን አንድ ስፖርቶች 11ኛ ክፍል ሊጀምር ሲል ከኦገስት 1 ጀምሮ ይፈቀዳል።

በእውነት የሚመዝነው ግን ትራንስክሪፕቱን ጠይቆ ወደ አድሚሽን ቢሮ ሲወስደው ነው።

ስለዚህ ልጁ በ11ኛ ክፍል ማብቂያ አካባቢ እነዚህን ጥያቄዎች በትህትና ግን በቀጥታ ይጠይቅ። ወረቀት ላይ ጽፎ ስልኩ አጠገብ ያስቀምጥ፦

— በዚህ ዓመት ለአድሚሽን ከምትደግፏቸው ልጆች መካከል ነኝ?
— በእኔ ርቀት ስንት ልጅ ትወስዳላችሁ? ከፊቴ ስንት ሰው አለ?
— ድጋፍዎ አድሚሽን ቢሮው ዘንድ ምን ያህል ይመዝናል? ባለፉት ዓመታት ደግፈውት ያልገባ ልጅ አለ?
— ወረቀቴን ለቅድመ ምርመራ መቼ መላክ እችላለሁ?

መልሱ ግልጽ ከሆነ እሰየው። «አመልክት፣ ከገባህ ቡድኑ ውስጥ ቦታ አለህ» ካሉት፣ በጨዋ ቋንቋ «አልደግፍህም» ማለታቸው ነው። መቀየም አያስፈልግም። ያ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ዝርዝር ወደ ሦስተኛው ይውረድ፤ ልጁ ሌላውን ያሳድድ። «ገና አልወሰንኩም» ካሉት ደግሞ መቼ እንደሚወስኑ ይጠይቅ፤ ቀኑንም ይመዝግብ።

በነገራችን ላይ በ2025 በጸደቀው የኤንሲኤኤ የፍርድ ቤት ስምምነት ምክንያት ስምምነቱን በተቀበሉ ትልልቅ የዲቪዥን አንድ ትምህርት ቤቶች የቡድን ብዛት ተገድቧል፤ ለክሮስ ካንትሪ 17፣ ለትራክ 45። ስለዚህ ሳይመለመሉ ገብቶ ቡድኑን መቀላቀል እዚያ ከበፊቱ ጠቧል። አይቪዎቹ ስምምነቱን አልተቀላቀሉም።

7. ቅድመ ምርመራው፦ ከጁላይ 1 በኋላ

11ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ፣ ከጁላይ 1 ጀምሮ፣ አሰልጣኙ የልጁን ወረቀት ለአድሚሽን ቢሮ ያቀርባል። ፕሪሪድ ይሉታል። የሚያስፈልገው ትራንስክሪፕት፣ የፈተና ውጤት፣ የ12ኛ ክፍል ኮርሶች ዝርዝርና የትምህርት ቤቱ መግለጫ ነው። ትምህርት ቤት በበጋ ይዘጋል። ትራንስክሪፕቱን በጁን፣ ካውንስለሯ ለእረፍት ሳትወጣ፣ እጃችሁ አስገቡት።

መልሱ አንዳንዴ እንደ ትራፊክ መብራት ይነገራል፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አረንጓዴ ማለት «አሰልጣኙ ከደገፈውና ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ ችግር አይታየንም» ነው። አረንጓዴ የወረቀቱ ነው፤ የአሰልጣኙ ድጋፍ ሌላ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አረንጓዴ አግኝተው አሰልጣኙ በመጨረሻ ሌላ ልጅ የመረጠባቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ።

በዚሁ ወቅት የገንዘቡንም ጠይቁ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ለሚፈልጉት አትሌት የፋይናንሻል ኤይድ ግምት አስቀድመው ይሠራሉ። የታክስ ወረቀታችሁን አዘጋጁ። እኛ ኡበር የምንነዳ፣ ሆስፒታል የምንሠራ፣ ሁለት ሥራ የምንይዝ ቤተሰቦች «90 ሺህ ዶላር ከየት ይመጣል» ብለን ገና ሳንጠይቅ እንተወዋለን። ሃርቫርድ ከ2025 ትምህርት ዘመን ጀምሮ፣ የቤተሰቡ ሀብት የተለመደ ዓይነት ከሆነ፣ ገቢው እስከ 100 ሺህ ዶላር የሆነ ቤተሰብ ምንም እንዳይከፍል፣ እስከ 200 ሺህ የሆነ ደግሞ የትምህርት ክፍያ እንዳይከፍል ወስኗል። ፕሪንስተንም እንዲህ ያለ፣ በገቢ ጣሪያው እንዲያውም ሰፋ ያለ እርዳታ አለው። በየትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የክፍያ ማስሊያ አለ፤ 20 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

8. ማመልከቻውና ደብዳቤው

የሚደግፈው አሰልጣኝ ልጁ በመጀመሪያው ዙር፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ኖቬምበር 1፣ እንዲያመለክት ይጠይቀዋል። ብራውን፣ ኮሎምቢያ፣ ኮርኔል፣ ዳርትመዝና ፔን የሚያስር ዙር አላቸው፤ ከተቀበሉት መሄድ አለበት። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ግን አያስሩም። የሚያስር ከሆነ የገንዘብ ግምቱን ሳታዩ አትፈርሙ። ልጁ ድጋፉን የሚቀበለው ከአንድ አሰልጣኝ ብቻ ነው። ለሁለት አሰልጣኝ «አዎ» ማለት ነውር ነው፤ አሰልጣኞቹ ደግሞ ይተዋወቃሉ።

አይቪዎቹ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ላይክሊ ሌተር የሚባል ደብዳቤ መላክ ይችላሉ። ማመልከቻው ሙሉ ሆኖ ከታየ በኋላ የሚመጣ ነው። ማርኩንና ምግባሩን ከጠበቀ እንደሚገባ ይነግረዋል። ፈራሚውን ተመልከቱ፤ አሰልጣኙ ሳይሆን አድሚሽን ቢሮው መሆን አለበት። ልጅን የመቀበል ሥልጣን ያለው ያ ቢሮ ብቻ ነው። ቡና የሚፈላው ያኔ ነው።

በዚህ መሀል «እኔ ሰው አለኝ፣ ትንሽ ብር ካላችሁ» የሚል ቢመጣ በሩን ዝጉ። በ2019 ቫርሲቲ ብሉስ በሚባለው ጉዳይ፣ አትሌት ያልሆኑ ልጆችን አትሌት አስመስሎ በጉቦ ሲያስገባ የነበረው ሪክ ሲንገር ተጋልጦ ሦስት ዓመት ተኩል ተፈርዶበታል። የዬል የሴቶች እግር ኳስና የስታንፎርድ የሸራ ጀልባ ውድድር አሰልጣኞች ጥፋተኛ ነን ብለዋል። ወላጆችም ታስረዋል። በሕግ የሚሠሩ የምልመላ አገናኝ ድርጅቶችም አሉ፤ ብዙ ሺህ ዶላር ያስከፍላሉ። የሚሠሩት ልጁ በነጻ ሊሠራው የሚችለውን ነው። ያን ብር ለኤስኤቲ አስጠኚ ወይም ለጥሩ ጫማ አውሉት።

9. ድጋፍ ካልተገኘ

አብዛኛው ልጅ እዚህ ነው የሚወድቀው፤ ሰማይ አይደፋም። ሩጫው በማመልከቻው ላይ ይመዘንለታል፤ በደንብ ከተጻፈ። ኮመን አፕ በሚባለው የኮሌጆች የጋራ ማመልከቻ ላይ ለተሳትፎ አሥር ቦታ አለ፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል ብቻ። «ክሮስ ካንትሪ ቡድን አባል» ብሎ አያባክነው። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ካፒቴን ሆኖ ምን እንደሠራ፣ ስንት ታናናሾችን እንዳሠለጠነ ይጻፍ። ከልምምድ በኋላ በቤተሰቡ ምግብ ቤት የሚሠራ ወይም ታናሽ እህቱን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ከሆነ፣ ያም በራሱ አንድ ቦታ ይሰጠው። ልጆቻችን ይህን «ይሄማ ምንድን ነው» ብለው ይተውታል። አድሚሽን ቢሮ ግን ያየዋል።

የሁለተኛው ዙር ማመልከቻም አለ፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ኮሌጆች በጃንዋሪ ይቀበላሉ። አንዳንድ አሰልጣኞች ያሰቡት ልጅ ሌላ ቦታ ሄዶባቸው ቦታ ይኖራቸዋል። የእህቴ ልጅ ያደረገው ይህን ነው። በዲሴምበር መጨረሻ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ወጥ ቤት ቆሞ ለአንድ የዲቪዥን ሦስት አሰልጣኝ ደወለ። «የሚደግፉኝ ከሆነ በሁለተኛው ዙር አመለክታለሁ። ከዝርዝርዎ ውስጥ ልገባ እችላለሁ?» አለው። አሰልጣኙ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ትራንስክሪፕትህን ዛሬ ላክልኝ» አለው። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ይማራል፤ ይሮጣል።

10. ከኢትዮጵያ ሆናችሁ ለምትሞክሩ

አዲስ አበባ ያለ ልጅ ሰዓቱን ሲልክ የሮጠበትን ቦታ ይጻፍ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አሰልጣኞቹ ለከፍታ የሚደረገውን ማስተካከያ ያውቁታል፤ ግን ካልነገራችኋቸው አያሰሉትም። ሰዓቱ በእጅ ወይስ በኤሌክትሮኒክስ እንደተያዘም ይገለጽ።

የልደት ቀንን በጥንቃቄ ያዙት። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውና ወደ ፈረንጆቹ የተቀየረው በፓስፖርት፣ በልደት ምስክር ወረቀትና በትራንስክሪፕት ላይ አንድ ካልሆነ የአትሌቱ ብቁነት ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የፌዴሬሽን ወይም የክለብ መታወቂያ ላይ የተሞላው ዕድሜም ከዚያ ጋር ይግጠም። የጎዳና ሩጫ ሽልማት ብር ከመቀበላችሁ፣ ከማናጀር ጋር ከመፈራረማችሁ ወይም በክለብ ደመወዝ ከመግባታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሊያንስ ቢሮ (የስፖርት ሕጉን መከበር የሚከታተለውን ክፍል) በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡ። 12ኛን ጨርሶ ዓመታት እየተወዳደሩ መቆየትም የመወዳደሪያ ዘመንን ይበላል።

ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትመዝ፣ አምኸርስትና ቦውዶን የውጭ አገር ተማሪ እርዳታ መጠየቁን ለመግባቱ እንደ ምክንያት አያዩበትም። መጀመሪያ እነሱን አስቡ።

11. ከደብዳቤው በኋላ

ደብዳቤውም ሆነ ሙሉ ቅበላው ቅድመ ሁኔታ አለው። የ12ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ማርክ ይላካል። ዲቪዥን አንድ የሚገባ ልጅ በኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ተመዝግቦ የመጨረሻ ትራንስክሪፕቱ መድረሱን ያረጋግጥ። የእርዳታ ቅጾቹ፣ ፋፍሳና ሲኤስኤስ ፕሮፋይል፣ የየራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው፤ አሰልጣኙ አይከታተልላችሁም። ልጁ ጉዳት ቢደርስበት ለአሰልጣኙ በዚያው ሳምንት ይንገር፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከራሱ ይስማ። በጁን ደግሞ አሰልጣኙ የበጋ የልምምድ ፕሮግራም ይልካል። ልጁ ከዚህ በፊት ይሮጥ ከነበረው ኪሎ ሜትር ጋር አስተያይቶ፣ የሚበዛበት ከሆነ ደውሎ ይናገር።